ጎንደር ውስጥ ጥርሱን በክር የሚያጸዳ ሰው አለ? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

የማራኪው

ሰላም የአገሬ ልጆች። እንዴት ከረማችሁ።

የሚያስቅም የሚያናድድም ነገር ላውራችሁ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። ዓመት አልፎታል። የቡሩሹ ጥፋት መስሎኝ ለስላሳውን ገዛሁ፣ የጥርስ ሳሙናውንም ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቫይታሚን ሲ አንሶህ ነው ሲሉኝ ብርቱካን ስልጥ ከረምኩ። ወይ ፍንክች።

ባለፈው ሰኞ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። አፌን ከፍታ አየችና "በጥርስህ መሀል በምን ታጸዳለህ?" አለችኝ። "በስቴኪኒ" አልኳት። "ሥጋ ስትበላ ብቻ?" ዝም አልኩ። "የጥርስ ክር ግዛና ማታ ማታ ተጠቀም" ብላ ሸኘችኝ።

ክሩን ፍለጋ ፒያሳን ዞርኩት። የመጀመሪያው ፋርማሲ ውስጥ ልጅቷ "ስንት ቁጥር? ለየትኛው ስፌት?" አለችኝ። የቁስል መስፊያ መስሏት ነው። ሁለተኛው ሰማያዊ የአፍ መጉመጥመጫ አውጥቶ "ይሄ ይሻልሃል፣ ክር የፈረንጅ ነገር ነው" አለኝ። ሦስተኛው የለም። አራተኛው ከመደርደሪያ ሥር አጎንብሶ አቧራ የጠጣች ትንሽ ነጭ ሳጥን አወጣልኝ። "ይችን የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ፣ እፍ እያለላት።

ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ስታገል እናቴ በሩን ከፈተችው። "ምን ሆነህ ነው አፍህን የምትሰፋው?" ከዚያ ደሙን አየች። "ተው! ድድህን ቆርጠህ ልትጨርሰው ነው!" ብላ ክሩን ከእጄ ነጠቀችኝ። የት እንደደበቀችው እስካሁን አላገኘሁትም።

እና እናንተስ? እውነት በክር የሚጠቀም አለ? መጉመጥመጫውስ ብቻውን አይበቃም?

ቆሎ_በሊታ

ክር? እኔ አዲስ የመቶ ብር ኖት ጫፉን አጥፌ ነው። እንደሱ ያለ ነገር የለም፣ ሞክረው።

የአራዳዋ

ከዚያ ብሩን ለባጃጁ ትሰጠዋለህ። ባጃጁ ለእኔ መልስ ይሰጠኛል። እግዜር ይይልህ።

ቆሎ_በሊታ

ጠርጌ ነው የምሰጠው 😂

ፍንጭት_ነኝ

የማራኪው፣ እናትህ አልተሳሳቱም። እኔን ያሳደጉኝ "ጥርስሽን አትጎርጉሪ፣ ይሰፋል" እያሉ ነው። ስቴኪኒ ሲያዘወትሩ መሀሉ እንደሚሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የአጎቴ ጥርስ መሀል አሁን ስፒል ያሳልፋል።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የፊት ጥርሴ ፍንጭት ነው፣ ከእናቴ ነው የወረስኩት። አንዲት ጓደኛዬ ፍንጭት አምሯት፣ ክር ያሰፋል ሲባል ሰምታ፣ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ በክር ስትገዘግዝ ከረመች። ጠብ ያለላት ነገር የለም። ድዷ ብቻ አማረ። ስለዚህ አሁን እኔም ምን እንደማምን አላውቅም።

ነጭ_ጋወን

የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ልምምድ ላይ ነኝ፣ ገና "ዶክተር" አትበሉኝ። የፍንጭቷ ጓደኛ ታሪክ በጣም አስቆኛል፤ ግን ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ክር ጥርስን ከቦታው አይገፋም። የአጎትሽን ጥርስ ሳላየው መናገር ባልችልም፣ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ የሚሰፋው ድዱ ስለሚሸሽና አጥንቱ ስለሚበላ ነው። ሰውየው ምግብ ይገባበታል፣ ይጎረጉራል፣ እኛ ደግሞ ጎርጉሮ አሰፋው እንላለን። መጀመሪያ የሰፋው ግን ሳይጎረጎር ነው። እርግጥ ወፍራም እንጨት እየሰነቀሩ ድድን መውጋትም ይጎዳል፣ እሱን አልክድም።

አንድን ጥርስ እንደ ቤት አስቡት፤ አምስት ፊት አለው። በከንፈር በኩል፣ በምላስ በኩል፣ ከላይ ማኘኪያው። እነዚህን ሦስቱን ቡሩሽ ይደርስባቸዋል። የቀሩት ሁለቱ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ናቸው። እዚያ የቡሩሹ ጸጉር አይገባም። ሦስት ጊዜ ብትቦርሹም አይገባም።

እዚያ የሚቀመጠው ጉድ የሥጋ ቁራጭ ብቻ አይደለም። ሥጋውማ ይሰማችኋል፣ ታወጡታላችሁ። የማይሰማችሁ ባክቴሪያ የሚሠራው ስስ የሚያጣብቅ ሽፋን ነው፤ ፕላክ ይባላል። ጠዋት ስትነሡ ጥርሳችሁን በምላስ ስትዳስሱት ሻከር የሚለው እሱ ነው። ካልተጠረገ በቀናት ውስጥ ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ ይደነድናል። ከደነደነ በኋላ ክርም ቡሩሽም አያነቃንቀውም፤ ሐኪም ቤት ጥርስ ማሳጠብ ነው መፍትሔው።

ድዱ የሚደማው ስለተቆጣ ነው። የተቆጣ ድድ ሲነኩት ይደማል። የማራኪው፣ ክሩን አግኝተህ በየቀኑ በዝግታ ከቀጠልክ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይ በሁለት ሳምንት ደሙ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ተመለስና ታይ።

አያያዙን ላሳይህ። ክሩን አንድ ክንድ ቁረጠው፣ ከክርንህ እስከ ጣትህ ጫፍ። ሁለቱ የመሀል ጣቶችህ ላይ ጠምጥመው፣ በመካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያህል ይቅርህ። ቀስ አድርገህ እያወዛወዝክ አስገባው፤ ጠብ አድርገህ ከጣልከው ድዱን የሚቆርጠው ያኔ ነው። ሲገባ አንዱን ጥርስ እንደ መቀነት ይቀፈው። ከድዱ ሥር ጀምረህ ወደ ላይ ወደ ታች አሸው። እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ አይደለም። ከዚያ ዞረህ ጎረቤቱን። ወደ ሌላ መሀል ስትሄድ ክሩን ጠምዘዝ አድርገህ ንጹሑን ክፍል አምጣ።

መጉመጥመጫው ይበቃል ወይ ላልከው፤ አይበቃም። ምጣድ ላይ የተጋገረ ሽሮ ውሃ ስላፈሰስህበት ይለቃል? መፋቅ አለበት።

የአዘዞዋ

"ክር የፈረንጅ ነገር ነው" ያለህን ፋርማሲስት አያቴን ባሳየሁት ነበር።

አያቴ (ነፍሷን ይማርና) ድዷ እንደ ኑግ የጠቆረ ነበር። ተነቅሳ። ዳባት አካባቢ ነው የተወለደችው። ልጅ ሆና፣ ከመዳሯ በፊት፣ ሴቶች ሰብሰብ ብለው አስተኝተው በእሾህ እየወጉ የኩራዝ ጥላሸት ቀቧት። "ሦስት ቀን አጥሚት እንኳ አልወርድ አለኝ" ትለን ነበር። ግን ስትስቅ ማየት ነበር እንጂ! ያ ነጭ ጥርስ በጥቁሩ ድድ ላይ። ድድ መነቀስ ጌጥ ብቻም አልነበረም፤ ድድን ያጠነክራል፣ አፍን ያጣፍጣል ይሉ ነበር።

ወደ ክሩ ልምጣ። ሥጋ በበላች ቁጥር ከጋቢዋ ዘርፍ አንዲት ፈትል መዘዝ ታደርጋለች። በምራቋ ታረጥባታለች። በሁለት ጣቶቿ እንደ ክር እንደምትፈትል ጠምዘዝ፣ ጠምዘዝ። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ከለል አድርጋ በጥርሷ መሀል ሽው ታደርጋታለች። ጋቢዋ በአንድ በኩል ዘርፉ አልቆ ነበር። እኛ ልጆቹ አይጥ የበላው ይመስለን ነበር።

እስክትሞት ቆሎ ቆርጥማለች። ማንም ፈረንጅ አላስተማራትም።

ነጭ_ጋወን

የአዘዞዋ፣ ይሄን ለጓደኞቼ ሁሉ ነው የማነብላቸው።

ስለ ንቅሳቱ አንዲት ነገር ብቻ። ጥላሸቱ ድድን አያጠነክርም። እንዲያውም ጥቁረቱ የድዱን መቅላት ይደብቀዋል፤ ድድ ሲታመም መጀመሪያ የሚታየው መቅላቱ ነው። አንዱን እሾህ ለብዙ ሴት መጠቀሙ ደግሞ የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል። ውበቱን ግን አልነካም፤ የኔም አያት ተነቅሳለች።

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም ተሸውዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሶሺየትድ ፕሬስ የሚባለው የአሜሪካ ዜና ወኪል የክርን ጥቅም የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም ብሎ ጽፏል። የአሜሪካ መንግሥትም ከአመጋገብ መመሪያው አውጥቶታል። እነሱ የተዉትን እኛ አሁን ልንጀምር?

መጉመጥመጫውማ የባሰ ነው። ሊስትሪን የሚባለው መጉመጥመጫ እ.ኤ.አ. በ1879 ሲቀመም ለቀዶ ጥገና ማጽጃ ነበር፤ ስሙን የወሰደው ጆሴፍ ሊስተር ከሚባለው እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። አፍ ላይ የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ "አፍሽ ስለሚሸት ባል አጣሽ" ዓይነት ማስታወቂያ ሠርተው አሜሪካንን ሁሉ አስፈራሩ። ሽያጩ ጣራ ነካ። ይኸው እኛም በመቶ ዓመታችን ፈርተን ገዛን።

መፋቂያ ነበረን። ወይራ፣ ልምጭ፣ ክትክታ። ምን ጎደለን?

ነጭ_ጋወን

ታሪኩ ላይ ልክ ነህ፤ ማስታወቂያውም እንዳልከው ነው። ስለ 2016ቱ ግን ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብበው። ማስረጃው ደካማ ነው ማለትና አይጠቅምም ማለት ይለያያሉ። ጥናቶቹ ትንንሽና አጫጭር ናቸው። ክርን በትክክል የሚይዝ ሰውም ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው እንደ መጋዝ ይስባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኮክሬን (ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ መቦረሽ ላይ ክር ወይም የመሀል ቡሩሽ ሲጨመር የድድ መቆጣት ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል፤ ማስረጃው ጠንካራ እንዳልሆነም አብሮ ይናገራል። የመሀል ቡሩሽ ማለት የጡጦ ማጠቢያ የምትመስለው ትንሿ ናት። ጥርሱ ራቅ ራቅ ላለ ሰው ከክር ትሻላለች።

መፋቂያ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ማን ጣለው? ጫፉ በደንብ ከተጨፈለቀና ድዱ ላይ ካልተፈተገ ይጠርጋል። ግን እሱም የጋራውን ግድግዳ አይደርስበትም። የአዘዞዋ አያት መፋቂያ አጥታ ነው ጋቢዋን የጨረሰችው?

የአዘዞዋ

መፋቂያውም ከመቀነቷ አይጠፋም ነበር።

ጥያቄ_አለኝ

እሺ በመፋቂያው ተስማማን። ክሩን አስብበታለሁ።

ቅዳሜ_ገበያ

እኔ መፋቂያ የምገዛው ከልጆቹ ነው፣ በእቅፋቸው ይዘው ይዞራሉ። ስዋክም ከሱቅ እገዛለሁ፤ የረመዳን ጊዜ ደግሞ ቤታችን ሁሉም የየራሱ አለው። ጫፉን በጥርስ ልጣጩን አንሥቶ፣ ትንሽ በውሃ አርሶ፣ ጸጉር እስኪሆን ማኘክ። ከሶላት በፊት መጠቀሙ ሱና ነው፤ ስለዚህ በቀን ስንቴ እንደሆነ አስሉት።

መጉመጥመጫ ግን አስቸግሮኝ ነበር። ብዙዎቹ አልኮል አለባቸው፤ አንዳንዱ ሃያ ፐርሰንት ያልፋል፣ ማለትም ከቢራ ብዙ እጥፍ። ጠርሙሱን አዙሬ ሳነብ ደነገጥኩ። አሁን "አልኮል የሌለው" የሚል ተጽፎበት ካላየሁ አልገዛም። ፋርማሲ ስትገቡ ጠይቁ፤ አለ፣ ካልጠየቃችሁ አያወጡላችሁም።

ቆሎ_በሊታ

ሃያ ፐርሰንት?! እንዲህ ከሆነማ አረቄ ቤት ለምን እሄዳለሁ።

ነጭ_ጋወን

እንዳትውጠው! ሌላው ቢቀር ሆድህን ያቃጥልሃል። አልኮል ያለበት አፍን ያደርቃል፤ አፍ ሲደርቅ ጠረኑ ይብሳል። ልጆች ካሉም ጠርሙሱ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ቀለሙ ጁስ ይመስላቸዋል።

ባለ_ጠርሙሱ

የኔን ስሙ፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ድዴ አብጦ የሆነ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ አዘዙልኝ። ለስንት ቀን ብዬ አልጠየቅሁም፣ እነሱም አልነገሩኝ። እብጠቱ በሳምንት ጠፋ። "መድኃኒት ማለት ይሄ ነው!" ብዬ ሌላ ጠርሙስ ገዛሁ። ከዚያ ሌላ። ሦስት ወር።

ቡና ወዳድ ነኝ፤ አቦል ቶና በረካ አልቀርም። አንድ ቀን ሚስቴ ፊቴን አየት አድርጋ "መቼ ነው ጫት የጀመርከው?" አለችኝ። "ኧረ በሥላሴ! እኔ?" መስታወት ፊት ቆምኩ። ጥርሴ ቡና ከፈሰሰበት ስኒ አይለይም። በተለይ በድዱ ጥግ ጥግ። ምላሴም እንዲሁ። ዶሮ ወጡ ራሱ ጨው የሌለው ይመስለኝ ነበር፤ ስንት ጊዜ ሴትዮዋን በከንቱ ነዝንዣታለሁ መሰላችሁ።

ሌላ ሐኪም ጋ ሄጄ ታጥቦ ለቀቀ። ሚስቴ ግን እስካሁን አልፎ አልፎ ኪሴን ትፈትሻለች።

ነጭ_ጋወን

በጣም የታወቀ ነገር ነው። ክሎርሄክሲዲን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ግን መድኃኒት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንት ገደማ ይታዘዛል፣ ሐኪሙ ካላራዘመው በቀር። ሻይና ቡና ሲጨመርበት ጥርስ ያጠቁራል፤ ጣዕምም ይቀይራል። ሌላው ሰው የማይነግራችሁ ነገር፤ ከጥርስ ሳሙና ጋር አይስማማም። ከቦረሻችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ተጠቀሙበት፤ ሳሙናው ኃይሉን ይወስድበታል።

ውሃ_ጠባቂ

እናንተ ስለ መጉመጥመጥ ታወራላችሁ! እኛ ሰፈር ውሃ ስትመጣ እልል ነው የሚባለው። አንገረብ ሞላ ጎደለ ስንል ነው የምንኖረው። ጥርሴን ቦርሼ በአንዲት ጣሳ ነው የምጉመጠመጠው፤ ከዚያች ላይ ፊቴንም ታጥቤ የተረፈው ለአበባው። ክር ግን ውሃ አይፈልግም አይደል? ወደድኩት።

ነጭ_ጋወን

ውሃ ጠባቂ፣ የምሥራች ልንገርህ። ከቦረሽክ በኋላ ጨርሶ ባትጉመጠመጥ ይሻላል። ትርፉን ትፋውና ተወው። የሳሙናው ፍሎራይድ፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ማዕድን፣ ጥርስህ ላይ ይቆይና ሥራውን ይሥራ። ወዲያው በውሃ ብትጉመጠመጥ ታጥበዋለህ። ወዲያው በመጉመጥመጫ ብትጉመጠመጥም ያው፤ ከሳሙናው ያነሰ ፍሎራይድ ባለው ነገር የበለጠውን አጠብከው ማለት ነው። መጉመጥመጫ የሚወድ ሰው በሌላ ሰዓት ያድርገው፣ ከምሳ በኋላ ለምሳሌ።

ውሃ_ጠባቂ

ጣሳዋ ሙሉ በሙሉ ለአበባው ሆነች ማለት ነው። 🙏

የአራዳዋ

ሳልጉመጠመጥ? ከነአረፋዬ ልተኛ? ኧረ ይቅርብኝ። እኔ አሥር ጊዜ ካልተጉመጠመጥኩ አፌ የታጠበ አይመስለኝም።

ሰንበት

እኔ ደግሞ የክር ነገር ያስቀረብኝን ልንገራችሁ። እሑድ ልቆርብ ቅዳሜ በጊዜ ጾሜን ጀመርኩ። ጠዋት እንደ ሰው ሆኜ ልሂድ ብዬ ጥርሴን በክር ስነካካ ደማ። ውሃ አፌ ማስገባት አልችል፣ ደሙን መዋጥ አልችል። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሄጄ ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ደም ከፈሰሰሽ ዛሬ ቅሪ፣ ለሌላ ጊዜ ያድርግልሽ" አሉኝ። አሥራ ስምንት ሰዓት ጾሜ ቆሜ አስቀድሼ ተመለስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ክር የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም።

የአዘዞዋ

ውይ እህቴ። ግን እኮ ክሩ አይደለም ያስቀረሽ፣ ድድሽ ቀድሞም ታሞ ነው። በሰሞኑ ማታ ማታ ጀምረሽ እስክትቆርቢ ቢድንልሽስ? እሑድ ጠዋት ብቻ አትንኪው። የኔ እናት ቁርባን ሲደርስ ሐሙስ ላይ ነው የጥርሷን ጉዳይ የምትጨርሰው።

ሰንበት

ይሄን አላሰብኩትም። ከፍልሰታ በፊት እሞክራለሁ።

ስም_አይጠቀስ

ሰው ስለማያውቀኝ ልናገር። የኔ ችግር የአፍ ጠረን ነው። ስናገር ሰው ፊቱን ዘወር ያደርጋል። ከጨጓራህ ነው ተብዬ የጨጓራ ክኒን ሁለት ዙር ጨረስኩ። ቅርንፉድ ኪሴ አይጠፋም፤ ማስቲካ፣ ጤና አዳም፣ ያልሞከርኩት የለም። መጉመጥመጫ ለአንድ ሰዓት ይረዳኛል፣ ከዚያ ያው። ሥራ ቦታ ስብሰባ ላይ መናገር አቁሜያለሁ።

ነጭ_ጋወን

ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ነው የሚመጣልን፤ ሁሉም ደግሞ ከጨጓራ ነው የጀመሩት። አብዛኛው የአፍ ጠረን የሚመጣው ከአፍ ነው። ከምላስ ጀርባና ከድድ ሥር፣ አየር ከማይደርስበት። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ድኝ ያለበት ጋዝ ያወጣሉ፤ ለዚህ ነው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ቅርንፉድና መጉመጥመጫ ይሸፍኑታል እንጂ አያነሡትም።

ማታ ምላስህን ከኋላ ወደ ፊት ፋቀው፤ የምላስ መፋቂያ ከሌለህ የማንኪያ ጠርዝ ይሆናል። ክሩን በጥርስህ መሀል አሳልፈህ አሽትተው፤ የትኛው ቦታ እንደሚሸት ራሱ ይነግርሃል። ከዚያ ጥርስህን አሳጥብና ድድህን አሳይ። እዚህ ሁሉ ምንም ካልተገኘ ነው ወደ ቶንሲልና ወደ ሌላው የሚኬደው።

ስም_አይጠቀስ

አሁን አሸተትኩት። ወይኔ። ሁለት ጥርስ መሀል ብቻ ነው።

ቆሎ_በሊታ

እኔም አሸተትኩ። ለምን አሸተትኩ።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው ያነበብኩት። እኔም የድርሻዬን ልበል።

ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ነው። ስኳር አለብኝ። ጥርሴ መነቃነቅ ሲጀምር እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። አንድ ሐኪም ታጠብ ቢሉኝ፣ ሰፈር ውስጥ "ማሳጠብ ጥርስ ይነቅላል፣ እገሌ ታጥቦ ሁሉም ተነቃነቀበት" ተባለና ቀረሁ። የዚህ ከተማ ሰው ደግሞ በጤና ትምህርት ሩቅ አይደለም፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ነው እዚሁ የተከፈተው። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ጤና መኮንኖቹ ትምህርት ቤታችን እየመጡ ጥፍራችንንና ጥርሳችንን ያዩ ነበር። እንግዲህ አውቆ መተው ይሏል ይሄ ነው።

አራት ጥርስ ወለቀ። አንዱ እንጀራ ስበላ ነው የወለቀው፤ ሥጋ እንኳ አይደለም፣ እንጀራ በሽሮ። ስኳርና ድድ እንደሚተጋገዙ፣ ስኳሩ ሲያይል ድድ እንደሚታመም፣ ድድ ሲታመም ስኳሩ አልረጋ እንደሚል የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ታጥቤ የመሀል ቡሩሿን እጠቀማለሁ። ክሩን ጣቴ አልታዘዘኝም።

ነጭ_ጋወን

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሀል ቡሩሿ ለእርስዎ ትክክለኛዋ ናት፤ ክሩን በግድ አይሞክሩት። "ማሳጠብ ያነቃንቃል" የሚለው የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፤ የደነደነው ነገር ጥርሶቹን እንደ ሲሚንቶ አያይዟቸው ይቆያል። ሲነሣ ቀድሞውኑ የላላው ጥርስ መላላቱ ይታወቃል። ሰው ደግሞ አጣቢውን ይወቅሳል። ስኳርዎን ሲለኩ ድድዎንም በየስድስት ወሩ ያሳዩ፣ እባክዎ።

የአራዳዋ

የኔስ ጥያቄ፤ ሎሚ በጨው ጥርስ ያነጣል የሚሉትን እየተጠቀምኩ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥርሴ ንዝር ይለኛል።

ነጭ_ጋወን

ዛሬውኑ አቁሚ። ሎሚው የጥርስሽን ሽፋን እያሟሟ፣ ጨው እየፈተገው ነው። የሄደ ሽፋን አይመለስም። ለድድ ከሆነ የፈለግሽው አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟምቶ መጉመጥመጥ ይበቃል፤ እሱም ሰሞነኛ ነገር ነው፣ የዕለት ልማድ አታድርጊው። ያለ ሎሚ!

የማራኪው

ሦስት ሳምንት ጠፍቼ መጣሁ። ይሄን ሁሉ ጉድ ስትጽፉ።

ወደዚያው ፋርማሲ ተመልሼ ሌላ ሳጥን ገዛሁ። ሰውየው "አንተው ነህ?" አለኝ። የመጨረሻዋ ነበረች። የመጀመሪያው ሳምንት አሰቃቂ ነበር፤ ማታ ማታ ማጠቢያው ቀይ ይሆናል፣ ጣቴ ክሩ እያሰረው ይደነዝዛል፣ የኋላኞቹን ጥርሶች ለመድረስ ግማሽ እጄን አፌ ውስጥ እከታለሁ። ነጭ ጋወን እንዳልከው ከክርን እስከ ጣት ለካሁት። አሥረኛው ቀን ገደማ ደሙ ቀነሰ። አሁን ከታች በግራ በኩል አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚደማው፤ እሱን ላሳይ ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ።

እናቴ የነጠቀችኝን የመጀመሪያውን ሳጥን ትናንት አገኘሁት። ባዶውን። በርበሬ አስፈጭታ የከረጢቱን አፍ ሰፍታበታለች! "ከሲባጎ ይጠነክራል፣ አይበጠስም፣ ከየት ነው ያመጣኸው?" ትለኛለች። ክሩ ሰም የተቀባና ናና የሚሸት ነው። ከረጢቱ አፍ ላይ አፍንጫዬን ደቅኜ አሸተትኩ። በርበሬ በናና ሆኗል።

እና አሁን ፒያሳ ክር የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ካለ ሁለት ሳጥን ያምጣልኝ፣ ሒሳቡን እከፍላለሁ። አንዱ የኔ ነው። አንዱ ለሁለተኛው ከረጢት።

ቆሎ_በሊታ

ሦስት አድርገው። መቶ ብሬን ባጃጁ አልቀበልም አለኝ።